አምስት ቀን የጎደለው አጀንዳ

ነገሩ የተጀመረው አቶ አዲሱ ዋጫ ከተማ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰው ሲጠብቁ በዋሉበት ቀን ነው።

አቶ አዲሱ ቦንጋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ጸሐፊያቸው አብርሆት ለእህቷ ሠርግ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ ስለነበር፣ ከዋጫ ቡና አምራቾች ጋር ለነበረባቸው ስብሰባ ራሳቸው ቀጠሮ መያዝ ነበረባቸው። አንድ ድርጅት በየዓመቱ በስጦታ የሚልከውን፣ ጥቁር ቆዳ መሳይ ሽፋን ያለውን ወፍራም አጀንዳ ገለጡና ዘጠኝ ቁጥር ያለበት መስመር ላይ «ዋጫ» ብለው ጻፉ። ሲጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው። ኋላ ስልክ ሲደውሉ ግን ዓይናቸው ያየውን አነበቡና «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኝ» አሉ። ገበሬዎቹም እንደተባሉት ከሰዓት በኋላ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች አሉ። አቶ አዲሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጠው ነበር።

አብርሆት ከሠርግ ስትመለስ አጀንዳው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ውሰጂልኝ» አሏት አቶ አዲሱ። «እኔና እሱ አንግባባም። እሱ ዓመቱን ጥር ላይ ይጀምራል፣ እኔ መስከረም። እሱ ሲነጋ ስድስት ሰዓት ይላል፣ እኔ አሥራ ሁለት። ሁለታችንም ልክ ነን፤ አንድ ቤት መኖር ግን አንችልም።»

አብርሆት ሳቀች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ያሳለፈችው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ የፈረንጁን ቀን ወደ አበሻ እየመለሰች በቀይ እስክሪብቶ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስትጽፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀጠሮ የጠፋበት ሰው ሁሉ «አብርሆትን ጠይቃት» ይባላል። እሷን ከሁሉ የሚያበሽቃት የጳጉሜ ነገር ነበር። በዚያ አጀንዳ ላይ ጳጉሜ ቤት የላትም፤ ሴፕቴምበር መሐል ተሸጉጣ በእርሳስ ነው የምትገባው።

«አቶ አዲሱ፣ እኛ ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አለች።

«ሥሪያ!» አሉ፣ ኮታቸውን እየለበሱ። እሳቸው ለጨዋታ ነው ያሉት። አብርሆት ጋ የወደቀች ቃል ግን ሜዳ ላይ አትቀርም።

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሚስራ ሱቅ ሄደች። ሚስራ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። አባቷ ጋሽ አብዱልቃድር በወጣትነታቸው ከወልቂጤ አካባቢ መጥተው ቦንጋ ላይ የማርና የቅመማ ቅመም ንግድ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ ሚስራ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አብርሆት የመጣችበትን ስትነግራት ሚስራ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆመቻት።

«ታያቸዋለሽ? አምና ሃያ አጀንዳ አምጥቼ ነበር። አሥራ ስምንቱ ያውና አቧራ እየጠጡ። አብርሽ፣ ሰው አጀንዳ አይገዛም እኮ። አጀንዳ በነፃ ነው የሚጠበቀው።»

«የማይገዙት የነሱ ስላልሆነ ነው።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። እንደኛ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የማይነሣ ሰው ነው።»

ሚስራ ሳቋ መጣና ወንበር ሳበችላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብርሆት ከሥራ ስትወጣ የሚስራ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጥ ጀመር። ገጹን በገዛ አእምሮዋ ልክ ሠራችው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት፣ መስመሩ ሁሉ እኩል፣ ቁጥሩ ሁሉ በቦታው። ከየገጹ ሥር አንድ አንድ ተረትና ምሳሌ አስገባች። ተረቶቹን ለመሰብሰብ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ባሏ ተድላ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሥራውን ሊያይ መጥቶ ከኪሱ ማስመሪያ አወጣና የወረቀቱን ስፋት ለካ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«ከመሪው ሥር ያለችውን ሣጥን ለክቼ መጥቻለሁ። እዚያ ውስጥ ካልገባ እኔን አያገባኝም።»

እንደ ቀልድ ቢናገረውም ልክ ነበር። የአጀንዳው መጠን በባጃጅ ሣጥን ተወሰነ።

የካቲት ሲገባ አሥር ናሙና በፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አትመው፣ በጥምዝ ሽቦ ጠርዘው ለአሥር ሰው አደሉ። አብርሆት ለእያንዳንዱ ያለችው አንድ ነው፦ «አንድ ወር ተጠቀሙበትና መልሱልኝ። ምሥጢር እንዳትጽፉበት፣ አነበዋለሁ።»

ወሩ ሲያልቅ አሥሩንም ሰብስባ ሚስራ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ያየችው ነገር፣ ለሰው በስጦታ የሰጠችው ሸሚዝ ለወለል መጥረጊያ ሲውል ያየች ያህል አሳዘናት።

የአቶ አዲሱ አጀንዳ ንጹሕ ነው። ከአንድ የስልክ ቁጥር በቀር ምንም የለበትም፤ ያንንም የጻፈችላቸው ራሷ አብርሆት ናት። ሆስፒታል የምትሠራው ሲስተር ኑኃሚን ግማሹን ገጽ ሰርዛ ከሥሩ «ሌሊትስ? እኔ እኮ ሌሊት ነው የምሠራው» ብላ ጽፋበታለች። የተድላ አጀንዳ ግማሹ የለም።

«ወረቀቱስ?»

«ተሳፋሪ ስልክ ቁጥሬን ሲጠይቀኝ ምን ላይ ልጻፍለት ታዲያ?» አለ፣ ዘይት የነካ እጁን ወደ ኋላ እየደበቀ።

ጋሽ አብዱልቃድር የገበያ ቀኖችን ብቻ ሞልተው ሌላውን ባዶ ትተውታል። እሳቸው ራሳቸው ሊያስረዱ መጡ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ለየቀኑ አንድ ገጽ ስትሰጪኝ፣ ባዶውን ባየሁ ቁጥር ሰነፍ የሆንኩ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ሰነፍ አይደለሁም።»

የባሰው ግን የእትዬ በዛወርቅ ነበር። እትዬ በዛወርቅ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። አጀንዳውን አግድም አዙረው፣ ገጹ ላይ ቁራጭ ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ወግተውበታል፤ አንዳንዱንማ ሰፍተውታል። ከሥሩ አጭር ጽሑፍ አለ፤ «የአስቴር፣ ለፋሲካ»፣ «የመምህሩ ሱሪ፣ ለዓርብ»። አብርሆት በማስመሪያ ያሰመረቻቸው ሰዓቶች ሁሉ ከጨርቁ ሥር ተቀብረዋል። ተረቶቹም እንዲሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና አጀንዳውን ይዛ ስፌት ቤቱ ሄደች።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የሰዓት መጻፊያ ነበር። ለምን ሰፉበት?»

እትዬ በዛወርቅ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ በመነጽራቸው ላይ አዩዋት። «የምን ሰዓት? የኔ ደንበኛ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አያውቅም። ‹ለመቼ ይደርሳል?› ነው የሚለኝ።»

«ተረቶቹስ? እነሱ ላይ እንኳ ባይሰፉ?»

«ልጄ፣ ተረቱን አውቀዋለሁ። ቦታውን ስጪኝ።»

አብርሆት ፊቷ ቀላ። እንደ መጣች ልትመለስ አሰበች፤ ከዚያ ግን ሐሳቧን ለወጠችና በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው ቁጭ ብዬ ልይዎት» አለች። እትዬ በዛወርቅም «እዪ፣ አልከለክልሽም» አሏት።

እስከ እኩለ ቀን አሥራ አራት ደንበኛ መጣ። እትዬ በዛወርቅ ከአንዱ ጋር በካፊኖኖ፣ ከአንዱ ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ፣ ይለካሉ፣ ይስቃሉ፣ ጨርቅ ይቆርጣሉ። አብርሆት የሁሉንም ንግግር በልቧ መዘነችው። ከአሥራ አራቱ አንድም ሰዓት የጠራ የለም። ሁሉም የተናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነና ለመቼ እንደሚፈለግ።

ከስፌት ቤቱ እየሮጠች ነው የወጣችው። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ግድም አልሰጣት። ሚስራ ሱቅ ስትደርስ ከፀጉሯ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ሚስራ፣ ሰዓቱን ሁሉ አጥፊው!»

«ሁለት ወር የሠራሽውን?»

«አጥፊው። ተረቱንም አጥፊው።»

«ተረቱንም!» ሚስራ ደረቷን ያዘች። ለአንዲቱ ተረት ግን ተሟገተች። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የምትለዋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንድትቀር ተስማሙ፤ አጀንዳ የሌለው ሰው ታሪክ ናትና።

አዲሱ አጀንዳ ሳምንቱን በሁለት ፊት ለፊት ገጽ ላይ አንድ ላይ ያሳያል፤ አንድ ቀን ባዶ ቢሆን ማንንም ሰነፍ አያሰኝም። በሰዓት ፋንታ «ለማን፣ ምን፣ ለመቼ» የሚል ሰፊ ሣጥን ገባበት። ለሲስተር ኑኃሚን ብጤ ከቀኑ ሥር የሌሊት መስመር ተጨመረ። ለተድላ ብጤ ከኋላ የሚቀደዱ ትናንሽ ወረቀቶች። የገበያ ቀን የቦንጋው ከቢታ ገነቱ፣ የቢታ ገነቱ ከዋጫው ስለሚለይ፣ ከየቀኑ አጠገብ ባለቤቱ የሚያቀልማት ክብ ተደረገች። ሽፋኑ ክረምት ላይ እንዳለው የካፋ ጫካ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ ስሙም «ለመቼ?» ተባለ። ጳጉሜን ግን አብርሆት ለመጨረሻ አቆየቻት። «እሷን በተለየ ነው የምሠራት» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት በእርሳስ ስትገባ የኖረች ናት።»

የአብርሆት ዕቁብ በሰኔ ወጣላት። ሐምሌ ላይ ከሚስራ ጋር በሚኒባስ ጅማ ወረዱ፤ አንድ ማተሚያ ቤት ሦስት መቶ ሊያትምላቸው ተስማምቶ ነበር። የማተሚያው ሰውዬ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣ። አብርሆት የምትይዝ የምትጨብጠውን አጣች።

«ይኼ ምን ቋንቋ ነው?» አለ ሰውዬው።

ሚስራ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳደጋት ሴት ናት። ይህን በሽታ ታውቀዋለች። ፊደሉ እንዳይበታተን አድርጋ ስልኳ ላይ ሌላ ቅጂ አስቀምጣ ነበርና እሱን ላከችለት። ገጾቹ አንድ በአንድ አምረው ሲመጡ ሁለቱም በደስታ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ።

«ጨርሳችኋል? ልግባበት?» አለ ሰውዬው።

«ጨርሰናል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ካርቶኖቹ በላስቲክ ተጠቅልለው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ቦንጋ ገቡ። ተድላ በባጃጁ ሦስቴ ተመላልሶ ሱቅ አደረሳቸው። አረንጓዴዎቹ አጀንዳዎች መስኮቱ ላይ ሲደረደሩ ሱቁ ሌላ ሱቅ መሰለ። በሦስት ቀን ሃያ ሁለት ተሸጠ። አቶ አዲሱ የመጀመሪያውን ገዙ። አብርሆት «ለእርስዎ ስጦታ ነው» ብትላቸው እንቢ አሉ። «በስጦታ የመጣው ነው እኮ ዋጫ ላይ ጉድ ያደረገኝ። ይኼን በገዛ ገንዘቤ ነው የምይዘው።»

በአራተኛው ቀን ጋሽ ወልደሥላሴ መጡ።

ጋሽ ወልደሥላሴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። ማንኛውንም ጽሑፍ ከኋላ ጀምረው ነው የሚያነቡት፤ ለምን ሲባሉ «ውሳኔው ያለው መጨረሻ ላይ ነው» ይላሉ። አጀንዳውን አንሥተው እንደ ልማዳቸው ከኋላ ገለጡት። የሚቀደደውን ወረቀት አለፉ። ነሐሴ ሠላሳ ላይ ደረሱ። ተመልሰው የሚቀደደውን ወረቀት አዩ። እንደገና ነሐሴን አዩ።

«አብርሆት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጳጉሜ የት ሄደች?»

አብርሆት የያዘችውን ካርቶን ጣለችው። አጀንዳውን ከእጃቸው ተቀብላ ገለጠች። ነሐሴ ሠላሳ፤ ከዚያ የሚቀደድ ወረቀት። ሌላ አንሥታ ገለጠች፣ ሌላም። የሁሉም ያው ነው። በተለየ ነው የምሠራት ብላ ያስቀመጠቻትን ጳጉሜ ጨርሶ አልሠራቻትም። በልቧ ደጋግማ ስላሰበቻት የሠራቻት መስሏት ነበር።

«እኔ የተወለድኩት ጳጉሜ ሦስት ቀን ነው» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ቅር እንደተሰኙ ሳይሆን እንዲሁ ለማስታወቅ ያህል። «ለዚያ ነው ያየሁት።»

ያን ዕለት ተድላ ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። የሚስቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ሚስራ ጥፍሯን እየነከሰች ስታሰላስል ቆይታ «ስሚኝማ» አለች። «የ2018 ጳጉሜ የምትመጣው የዛሬ ዓመት ነው። እስከዚያ ማን ያያል?»

«ጋሽ ወልደሥላሴ አዩ።»

«እሳቸው ከኋላ ስለሚጀምሩ ነው!»

«ሚስራ፣ ይኼን የገዛኝ ሰው ቀጠሮውን ነው የሰጠኝ። በዓመቱ መጨረሻ ሄዶ ከግድግዳ ሊጋጭ ነው?»

ሚስራ ጥፍሯን መንከሱን ተወች። እሷም ልቧ የሚያውቀውን ነው የተነገራት።

አብርሆት ምን ማድረግ እንዳለባት ሳታውቅ እግሯ ወደ እትዬ በዛወርቅ ወሰዳት። ዱካው ላይ ተቀምጣ ጉዷን አወራች። እትዬ በዛወርቅ መኪናቸውን አቆሙና እስኪያስነባቸው ሳቁ።

«አይዞሽ። እኔም አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ እጅጌውን ረስቼ ነበር።»

«ውይ! ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እጅጌ ሰፋሁ!»

አብርሆት አፍጥጣ አየቻቸው፤ ከዚያ እሷንም ሳቅ ያዛት። እትዬ በዛወርቅ ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ኬሻ ጎተቱ፤ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ የጨርቅ ቁራጭ ነበር። «ጳጉሜን ለብቻዋ አትሚያት። እንዳትወድቅ ደግሞ ከኋላው ሽፋን ውስጥ ኪስ ይኑራት። ኪሱን እኔ እቆርጥልሻለሁ።»

ጳጉሜ ትንሽ ደብተር ሆና ተሠራች። ሚስራ መጋዘን ውስጥ በስሕተት የመጣ ቢጫ ወረቀት ነበር፤ ማንም ስላልፈለገው ሁለት ዓመት ተኝቷል። እሱ ታጥፎ በስቴፕለር ተመታ። አብርሆት አሁን ያጌጠ ነገር ለመሥራት ጊዜውም ወኔውም አልነበራትም። ከየቀኑ ራስጌ ላይ ቁጥሩን ጻፈች፤ ከሽፋኑ ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከልቧ የወጣውን አንድ ነገር፦ «ዓመቱን ሙሉ ያልደረስኩበት»። የቀረው ባዶ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ሱቁ ኪስ መለጠፊያ ሆነ። እትዬ በዛወርቅ ይቆርጣሉ፣ ጠርዙን ይመታሉ፤ ሚስራና ሲስተር ኑኃሚን ኮላ ይቀባሉ፤ አብርሆት ቢጫዋን ደብተር ትሰካለች። ተድላ አንዱን ኪስ ገልብጦ፣ አንዱን ከሱሪው ጋር አጣብቆ ከሥራ ታገደና ሻይ አመላላሽ ተደረገ። ኪሱ አንዱ አበባ ያለበት፣ አንዱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ አንዱ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሆነ። ሁለት አንድ ዓይነት አልነበረም። ቀድሞ ለተሸጡት ሃያ ሁለቱም ኪስ ተዘጋጀላቸው። ማን እንደገዛ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ አብርሆት ግን ሁሉንም በቃሏ ታውቃቸው ነበርና ከተድላ ጋር በባጃጁ ከተማውን እየዞረች፣ ጥፋቷን በገዛ አፏ እየተናገረች ለጠፈችላቸው። አንድም የተቆጣ የለም። አንዲት ሴትዮማ የኪሱን ጨርቅ መርጠው ካላገኙ አልለቅሽም አሏት።

ቢጫዎቹ ደብተሮች ሲሠሩ ተርፈው ስለነበር ሚስራ አንድ ሐሳብ መጣላት። ሐሳቡን ያመጣው የነጋዴ ደሟ ነው።

«የዘንድሮዋ ጳጉሜ ልትገባ አምስት ቀን ቀርቷታል» አለች። «ሰው አጀንዳ በነፃ ነው የሚወደው አላልኩሽም? የተረፈውን በነፃ እንስጥ። አምስቱን ቀን ይሞክሩት። የጣመው ለአዲሱ ዓመት ትልቁን ሊገዛ ይመጣል።»

«ያልጣመውስ?»

«ያልጣመው ቢጫ ወረቀቴን ከመጋዘን አወጣልኝ!»

ከመናኸሪያው ጀምሮ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ታደለ። ጳጉሜ አንድ ቅዳሜ ዋለ። አቶ አዲሱ በደብተራቸው ላይ «እህቴ ጋ» ብለው ጻፉና ከፋሲካ ጀምሮ እመጣለሁ ሲሏት የነበረችውን ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ ቢታ ገነት ሄዱ፤ እሑድ ማታ አንድ ቅል ማር ይዘው ተመለሱ። ሲስተር ኑኃሚን አንዱን ቀን ሙሉ «መተኛት» ብላ ሞላችው፣ ተኛችም። ተድላ ሦስት ዓመት ሲያፈስ የኖረውን የቤታቸውን አሸንዳ ጠገነ። አብርሆት መሰላሉን ይዛለት ሳለ ቁልቁል እያያት «ይኼ ደብተርሽ ጠላቴ ነው» ብሏት ነበር። ጋሽ ወልደሥላሴ ደግሞ ሰኞ ዕለት፣ በልደታቸው ቀን፣ ከሰው ተውሰው ያልመለሷቸውን አምስት መጻሕፍት በብብታቸው ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ ታዩ። አንደኛው ባለቤት መጽሐፍ ማዋሱንም ረስቶት ነበር አሉ።

የዓውደ ዓመቱ ዋዜማ ረቡዕ ነበር። ጠዋት ሚስራ ሱቁን ስትከፍት ደጁ ላይ ሰው ቆሟል። ባጃጅ ነጂዎች፣ መምህራን፣ የቅመም ነጋዴዎች፤ ሁሉም ቢጫ ደብተር ይዟል፤ አንዳንዱ ተሞልቶ ጠርዙ ሁሉ ተጽፎበታል። አጀንዳውን ሳይሆን ኪሱን ነው መጀመሪያ ገልጠው የሚያዩት። «የአበባውን ስጪኝ»፣ «ያ ሰማያዊው የኔ ነው፣ እሱን ዩኒፎርም ለብሼ ነው የተማርኩት»። እትዬ በዛወርቅ ዶሮ ሊገዙ ወጥተው ሲያልፉ ግርግሩን አዩና ገቡ። ጥግ ላይ ቆመው የቆረጧቸውን ጨርቆች ሲያዩ ቆዩና ለአብርሆት በጆሮዋ «የዚያ የጥለቱ ባለቤት አሁን ሁለት ልጅ ወልዳለች» አሏት። እኩለ ቀን ላይ ሚስራ የላይኛውን መደርደሪያ ለማጽዳት ወጥታ አሥራ ስምንቱን ጥቋቁር አጀንዳዎች አወረደችና፣ ለአረንጓዴዎቹ ቦታ እንዲሆን ወደ መጋዘን ሰደደቻቸው።

መስከረም አሥር ላይ የቀረው አርባ አይሞላም። ከዋጫ አንድ ትምህርት ቤት ለመምህራኑ ሠላሳ ይላክልን ብሎ ደወለ፤ አብርሆት ሰዓቱን ሁለቴ ጠይቃ፣ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላ አረጋግጣ ነው ስልኩን የዘጋችው።

በዚያው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ወደ ሱቁ መጣች። ሃሌሉያ ትባላለች። አጀንዳውን ከገዛች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ፊቷ ላይ ይሉኝታ ይነበባል።

«እትዬ አብርሆት፣ ይቅርታ፣ ወድጄዋለሁ። ኪሴም በጣም ያምራል። ግን ቅሬታ አለኝ።»

«ንገሪኝ፤ ጳጉሜ የለችም እንዳትዪኝ ብቻ።»

«አለች፣ አለች! እኔ ግራኝ ነኝ። የተጠረዘበት ሽቦ በግራ በኩል ስለሆነ ስጽፍ ክንዴን ይወጋኛል።» እጅጌዋን ሰብስባ አሳየቻት፤ እውነትም ክንዷ ላይ ተርታውን የሽቦ ምልክት አለ።

ሚስራ ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ሆና «ለግራኝ ደግሞ ልንሠራ ነው እንዴ?» አለች፣ ነገር ግን እርሳስ ፍለጋ እጇ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አብርሆት አጀንዳውን ገልብጣ አየችው፤ እንደገና ገለበጠችው፤ ሽቦውን ወደ ላይ አድርጋም ሞከረችው። ከዚያ የራሷን ወንበር ለመምህርቷ ለቀቀችላት።

«ነይ እስኪ ቁጭ በይ» አለቻት። «የነገውን ነገርሽን ጻፊበት፤ እኔ ዝም ብዬ ልይሽ።»